ቴሲጀር፦ የአንድ ብርቅዬ የቤተሰብ ስም ጉዞ ከድሬስደን እስከ ማራላል

በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ውሎ አድሮ የሚጋፈጠው አንድ ባዶ ቦታ አለ። ቅጹ የትምህርት ቤትም ይሁን የባንክ፣ የሐኪም ቤትም ይሁን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከራስጌው ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንደኛው ለግል ስም፣ ሁለተኛው ለቤተሰብ ስም። በአንደኛው ላይ የማንም እጅ አይዘገይም። ከሁለተኛው ሲደርስ ግን ብዕር ይቆማል። የአባቴን ስም ልጻፍ? የአያቴን? ወይስ ሁለቱን አጣምሬ?

እኔ ልጄን ላስመዘግብ ወደ አንድ ትምህርት ቤት በሄድኩ ጊዜ፣ የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ሦስታችንን የሚመለከቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። የእኔ በአያቴ ስም ያበቃል፤ የባለቤቴ በእሷ አያት ስም ያበቃል፤ የልጄ ደግሞ በእሱ አያት፣ ማለትም በአባቴ ስም። ሴትዮዋ ቀና ብላ በፍጹም ትሕትና፣ «በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ናችሁ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ አላስቀየመኝም። ይልቁንም ሌላ ጥያቄ ቀሰቀሰብኝ። ያ ሁለተኛ መስመር የተሠራላቸው ሕዝቦች ስማቸውን ከወዴት አገኙት? ስሙስ በእጃቸው ላይ እንዴት ኖረ? ይህን ለመመርመር አንድ ስም መርጬ መከተል ጀመርኩ። የመረጥኩት በእንግሊዝ አገር እጅግ ጥቂት ሰዎች የሚጠሩበት፣ ነገር ግን ዱካው በመቅደላም በአዲስ አበባም በሰሜን ኬንያም የሚገኝ ስም ነው፤ ቴሲጀር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ እንግሊዞች የቤተሰብ ስም ጥቂት ማለት ይገባል። እንግሊዞችም እንደ እኛ በአንድ ስም የሚጠሩበት ዘመን ነበራቸው። ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀስ በቀስም ከተሜውና ገበሬው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ያዙ፤ በ1400 ገደማ ልማዱ በአብዛኛው የእንግሊዝ ምድር ሥር ሰዶ ነበር። ስሞቹም ከአራት ምንጮች ተቀዱ፤ ከአባት ስም፣ ከሙያ፣ ከቦታና ከቅጽል ስም። ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። በየመንደሩ ቀጥቃጭ ስለነበረ በ1881 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ስሚዞች ተመዘገቡ። የዚያ ዓመት ቆጠራ ዛሬ ለስም ተመራማሪዎች እንደ ካርታ ያገለግላል፤ አንድ ስም በየትኛው አውራጃ ተወልዶ ወዴት እንደተበተነ ይታይበታልና።

ስም ብርቅ የሚሆንበት ምክንያት ግን ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ የወጣበት መንደር ጥቂት ቤቶች ብቻ ስለነበሩት ነው፤ አንዳንዱ ወንዶች ልጆች እያነሱ ስለሄዱ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ባዕድ ሰው በሻንጣው ይዞት ስለመጣ ነው። ቴሲጀር የመጨረሻው ዓይነት ነው። በእንግሊዝ ምድር የበቀለ ስም ስላልሆነ ምንጩን በእንግሊዝ አውራጃዎች የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ስሙን ያመጣው ሰው ዮሐን አንድርያስ ይባላል። የሳክሶኒ ተወላጅ ሲሆን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከድሬስደን ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ኑሮውን የመሠረተው በጽሕፈት ችሎታው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሆነው ለሎርድ ሮኪንግሃም ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። በአገሩ ቋንቋ «ገ» ተብሎ የሚነበበው የስሙ ፊደል በእንግሊዞች አፍ «ጀ» ሆነ፤ ዮሐን አንድርያስም ጆን አንድሩ ሆነ። አገር የለወጠ ሰው ስሙም አብሮት እንደሚለወጥ እኛም እናውቀዋለን፤ ናይሮቢ ውስጥ ኃይለ ሥላሴ «ሃይሌ»፣ ጸሐይ «ሰሃይ» ሲባሉ ስንሰማ ኖረናልና። ጆን አንድሩ በ1783 ሞተ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ቴሲጀሮች ከዚህ ከአንድ ስደተኛ ጸሐፊ ወገብ የወጡ ናቸው።

የልጆቹ ዕጣ ወደ ባሕር ወሰዳቸው። ፍሬድሪክ የተባለው በሩሲያ ባሕር ኃይል አገልግሎ ከተመለሰ በኋላ በ1801 የኮፐንሃገን ጦርነት የአድሚራል ኔልሰን ረዳት ነበር። ዴንማርክኛ ያውቅ ስለነበር የኔልሰንን ደብዳቤ በነጭ ባንዲራ ወደ ዴንማርክ አልጋ ወራሽ ያደረሰው እሱ ነው። ቻርልስ የተባለው ወንድሙ ደግሞ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሴንት ቪንሰንት ደሴት የጉምሩክ ሹም ሆነ፤ በዚያም ርስት ያዘ። በዚያ ዘመን የደሴቲቱ እርሻ የሚለማው በባርያ ጉልበት እንደነበር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1812 በደሴቲቱ ያለው እሳተ ገሞራ ፈነዳና ርስቱን አጠፋው። በአጎቱ ስም የተጠራው የቻርልስ ልጅ፣ ትንሹ ፍሬድሪክ፣ እንደ አጎቱ የባሕር ኃይል ሰው ሆኖ የጀመረ ቢሆንም የሕግ ትምህርት ገባ። ሁለት ጊዜ ሎርድ ቻንስለር፣ ማለትም የአገሪቱ የፍትሕ የበላይ ሹም ለመሆን በቃ፤ በ1858ም ባሮን ቼልምስፎርድ ተባለ።

እዚህ ላይ የእንግሊዞች ሥርዓት ለባዕድ የሚያስቸግር አንድ ጠባይ ያሳያል። ማዕረግ ሲገኝ የቤተሰብ ስም ከፊት ይሰወራል። ጥር 22 ቀን 1879 ዙሉዎች በኢሳንድልዋና ላይ ከ1,300 በላይ የእንግሊዝ ወገን ወታደሮች በገደሉ ጊዜ፣ የጦሩ አዛዥ ሎርድ ቼልምስፎርድ እንደነበረ የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይጽፋሉ። ይህ ሎርድ ቼልምስፎርድ የድሬስደኑ ጸሐፊ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ፍሬድሪክ ኦገስተስ ቴሲጀር መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት በ11 ዓመት፣ በ1868፣ ይኸው ሰው ከጄኔራል ናፒየር ዋና መምሪያ መኮንኖች አንዱ ሆኖ መቅደላ ደርሷል። ያኔ አባቱ በሕይወት ስለነበረ ማዕረጉ ገና አልወረደለትም፤ ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በቴሲጀርነቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሰዉ በአራት ወር፣ በነሐሴ 1868፣ ለዚህ መኮንን ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ሙሉ ስሙም ፍሬድሪክ ጆን ናፒየር ቴሲጀር ተባለ። የመካከሉን ስም ምንጭ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ልጁ አድጎ ከ1916 እስከ 1921 የሕንድ እንደራሴ ሆነ፤ በአምሪትሳር ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ያለቁት በ1919፣ በእሱ ዘመን ነው።

መቅደላ ካነሣን አይቀር፣ ያው ዘመቻ በሌላ ወገን የሠራውንም ስም እንይ። መቅደላ በተያዘች ጊዜ አንድ የአራት ዓመት ገደማ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌይን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ ኮሎኔሉ ሲሞት ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ሕፃኑ ከአንደኛው የግል ስሙን፣ ከሁለተኛው የቤተሰብ ስሙን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ሆነ። በላሆር ሕክምና ተማረ፤ በበርማም ሐኪም ሆኖ ሠራ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ግን አያታቸው በአካላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለይተዋቸው፣ ወርቅነህ እሸቴ የተባለው ስማቸው ተመለሰላቸው። እኚህ ሰው የምናውቃቸው ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1952 አረፉ። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በጥቁር አንበሳ አርበኞች ውስጥ ታግለው በ1937 በፋሺስቶች ሲገደሉ፣ በአገራቸው ሰው ዘንድ የወርቅነህ ልጆች፣ በውጭ አገር ጽሑፎች ደግሞ ማርቲኖች ነበሩ። እንግዲህ በአንዱ ዘመቻ አንዱ ቤተሰብ የጦር አዛዡን ስም ለልጁ የክብር ማስታወሻ ሲያደርግ፣ ሌላው ልጅ የገዛ ስሙን ከነአባቱ ስም አጣ። የጠፋውን የመለሰው መዝገብ ሳይሆን የአንዲት አሮጊት ዓይን ነው።

ወደ ቴሲጀሮች እንመለስ። የእንደራሴው ታናሽ ወንድም ዊልፍሬድ ጊልበርት በ1909 የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ሰኔ 3 ቀን 1910፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም፣ የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ። አባትና ልጅ በአንድ ስም ተጠሩ፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። ዘመኑ ብርቱ ነበር። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ፣ የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ልጅ አስፋ ወሰን ገና የጥቂት ወራት ሕፃን ሳሉ ለደኅንነታቸው በዚያ ሌጋሲዮን ተጠለሉ። ትንሹ ዊልፍሬድ የሰገሌን ድል አድራጊ ሠራዊት በአዲስ አበባ ሲሰለፍ በስድስት ዓመቱ አየ፤ ያንን ትዕይንትም እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም፣ ሕይወቱን ሁሉ የወሰነ ቀን አድርጎ ጽፎታል። ራስ ተፈሪ በ1924 ለንደንን ሲጎበኙ አባቱ የሞተበትን ይህን ልጅ አነጋገሩት፤ በ1930 ደግሞ በንግሥ በዓላቸው ላይ እንዲገኝ በግል ጋበዙት።

ከዚያ በኋላ ያለው የቴሲጀር ታሪክ ለብዙ አንባቢ የታወቀ ነው። ከ1933 እስከ 1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር ምድር እስከ አቤ ሐይቅ፣ ከዚያም እስከ ታጁራ ተጓዘ። በ1941 ከዊንጌት ጌዴዎን ጦር ጋር ሆኖ ከአርበኞች ጎን በጎጃም ዘመተ። ከ1945 በኋላ የዓረብን ታላቅ በረሃ በግመል አቋረጠ። አብረውት የተጓዙት በደዊኖች ግን «ቴሲጀር» የሚለውን ስም ለአፋቸውም ለልማዳቸውም አላገኙትም፤ ሙባረክ ቢን ለንደን አሉት፣ የለንደን ልጅ ሙባረክ። አባቱን ስላላወቁ ከተማውን አባት አደረጉለት። እንዲህ ያለውን የስም አወጣጥ የአገራችን ሰው በቀላሉ የሚረዳው ይመስለኛል።

ከ1968 ጀምሮ ደግሞ መኖሪያውን ወደዚህ ወደ ኬንያ አዞረ። በሳምቡሩ ምድር፣ ጆሞ ኬንያታ በ1961 ከመፈታታቸው በፊት በግዞት ከቆዩባት ከማራላል ከተማ፣ ለብዙ ዓመታት ከሳምቡሩና ከቱርካና ወጣቶች ጋር ኖረ። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ወጣቶቹን ግን እንደ ልጆቹ ያያቸው ነበር፤ ቤት ሠራላቸው፣ መኪና ገዛላቸው፣ በቤታቸውም ተቀመጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ነሐሴ 24 ቀን 2003 በ93 ዓመቱ አረፈ። ከ38 ሺህ የማያንሱ የፎቶግራፍ ነጋቲቮቹ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ማራላል ውስጥ ሲጦሩት ከኖሩት መካከል ስሙን የወረሰ አልነበረም። የቤተሰብ ስም በደምና በሕግ እንጂ በእንጀራ አይተላለፍምና።

የወንድሞቹም ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ በአባቱ ዘመን ቆንስል የነበረ ዳውቲ ዋይሊ የተባለ መኮንን በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ፤ ልጅ አልነበረውም። ከዊልፍሬድ ወንድሞች አንዱ ብሪያን የተባለው፣ በአደገ ጊዜ ቴሲጀር የሚለውን ትቶ ዳውቲ ዋይሊ ተባለ። ብርቁ ስም አንድ ወንድ ሲያጣ የሞተው ሰው ስም አንድ ወንድ አገኘ። ሌላው ወንድም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተገደለ። የእንደራሴው የበኩር ልጅም በ1917 በሜሶፖታሚያ ወድቋል። ስሙ በሌላ ሐረግ እስከዚህ መቶ ክፍለ ዘመን ደርሷል፤ ሲኒማ ወዳዶችም በ1935 በወጣው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ፊልም ላይ በተጫወተው በኧርነስት ቴሲጀር ያውቁታል።

እንዲህ ያለው የስም መመንመን እንግሊዞችን ራሳቸውን አሳስቧቸው ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን በ1873 የታላላቅ ቤቶች ስም ለምን እንደሚጠፋ በሒሳብ እንዲመረመር ጥያቄ አቀረበ፤ ሄንሪ ዋትሰን የተባለ የሒሳብ ሊቅ ቄስ መለሰለት፤ በ1874ም ሁለቱ በአንድነት አሳተሙት። የነገሩ ፍሬ ቀላል ነው። ስም በወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነና ባለስሞቹ ጥቂት ከሆኑ፣ ማንም ሳይበድል፣ ርሃብና መቅሠፍት ሳይመጣ፣ በአጋጣሚ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። የሴቶች ልጆች ዘር ቢበዛም ለስሙ አይቆጠርለትም። በቴሲጀሮች ታሪክ ውስጥ እስካሁን የአንዲት ሴት ስም አለመጥቀሴን አንባቢ አስተውሎት ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ስም ራሱ የሚመራው በዚያ ጠባብ መንገድ ነው።

የእኛስ? በእኛ ዘንድ ስም የሰውየው ነው፤ አባት ከኋላ ይከተለዋል፣ አያት ከአባት ኋላ ይቆማል። አራተኛው ትውልድ ሲመጣ የመጀመሪያው ከወረቀት ይወጣል። ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ወረቀቱ የጣለውን ግን አፍ ይይዘው ነበር፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ቆጠራውም በአባትም በእናትም ወገን ነው። እዚህ የምንኖርባቸው ጎረቤቶቻችንም የራሳቸው ብልሃት አላቸው። ኪኩዩዎች የበኩሩን ወንድ በአባት አባት፣ ተከታዩን በእናት አባት ስም ይጠሩታል፤ ሴቶቹም እንዲሁ በአያቶቻቸው ስለሚጠሩ ስም በሁለቱም ወገን እየዞረ ይመለሳል።

መንግሥታችን የአውሮፓውን መንገድ ለማስገባት አልሞከረም አይባልም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ (በእኛ 1952 ዓ.ም) በአንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በአስተዳደር ጽሑፎችም የቤተ ዘመዱ ስም እንዲቀድም ያዛል። ሕጉ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ግን ስሙን እንደ ድሮው ሲጠራ ኖረ። ሕግ ያላስገባውን ነገር ዛሬ የሚያስገባው ስደት ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት በኩል፣ አንድ ቅጽ በአንድ ቅጽ።

በዚህች ከተማ የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲወለዱ ካማው ነበሩ፤ ሲጠመቁ ጆንስተን ተባሉ፤ ኬንያታ የሚለውን ስም ያወጡት በጎልማሳነታቸው ነው። አባታቸው በዚያ ስም አልተጠሩም። ልጃቸው ኡሁሩ ግን ከ2013 እስከ 2022 አገሪቱን ሲመሩ ኬንያታ የቤተሰብ ስማቸው ነበር። አንድ ሰው ለራሱ ያወጣው ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ የቤት ስም ሆነ ማለት ነው።

ድሬስደንን ትቶ የመጣው ጸሐፊም በእንግሊዝ መዝገብ ላይ ስሙን ሲያስጽፍ ባሮንና እንደራሴ አላሰበ ይሆናል። በእሱ ፊት ስንት አያቶች ነበሩ፤ እናቱስ የማን ልጅ ነበረች? የቴሲጀሮች ስም ስለ ሳክሶኒ የሚነግረን የአንድ መርከብ ተሳፋሪ ያህል ብቻ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ በዚያ አንድ ቃል ውስጥ ተደፍኖ ቀርቷል። ናይሮቢ የተወለዱት ልጆቻችን የሚጽፉት ሁለተኛ ስም ከስድስት ትውልድ በኋላ ለሚመጣው ሰው እንዲሁ የመጀመሪያው ቃል ይሆናል። ሰባት ቤት የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ ደግሞ እዚህ የለም፤ ቢኖርም ልጆቹ የሚሰሙት በስዋሂሊ ነው።

ሴትዮዋ ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ አንዱን እንድመርጥ ነገረችኝ። ከብዙ ማሰብ በኋላ በልጄ ቅጽ ላይ በእኔ ወረቀት ያለውን፣ የአያቴን ስም ጻፍኩ። አያቴን አላውቀውም፤ ከመወለዴ በፊት ሞቷል። ከወረዳው ወጥቶ የማያውቅ፣ ናይሮቢ የሚባል ከተማ መኖሩን ያልሰማ ገበሬ ነበር። ልጄ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስተማሪው በዚያ ስም እንደጠራችውና ማንን እንደምትጣራ ስላላወቀ ዞር ብሎ እንዳየ ነገረኝ። በዚያ ምሽት የአያቴን እናት ስም ሊጠይቀኝ ፈለገ። እናቴ ዘንድ ደወልን፤ እሷ ታውቀው ነበር፤ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በአማርኛ ጻፈው።